የወተት ነጋዴዋ ሆድ

ሸዋርጋ ሀብተሚካኤል ሮቤ ላይ ወተት መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ብርጭቆ ትኩስ ወተት ጠጥታ አታውቅም። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ነፍሱን ይማረውና ባሏ፣ ሁለተኛዋ ራሷ።

ታዲያ ምን ጉድ አለው የሚል አይጠፋም። ጠጅ የማይቀምስ ጠጅ ቤት ከፋች ስንት አለ! ልክ ነው፤ ወተት ግን ሌላ ነው። ባሌ ላይ ከብት ያለው ሰው ቤት ገብቶ ወተት አልጠጣም ማለት ሰላምታ ሰጥተውህ አለመመለስ ነው። ወተት እየሸጡ ወተት አልጠጣም ማለትማ አይነሳ። "ራሷ የማትደፍረውን ለልጆቻችን" ይባልና በሳምንቱ ሱቁ ወና ይቀራል። ስለዚህ ሸዋርጋ ደበቀች። ስትደብቅም እንደ ሥራዋ ሁሉ ጥንቅቅ አድርጋ ነው የደበቀችው።

የዓመቱን እኩሌታ ጾም ይሸፍንላታል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ የገና ጾም አለ። ሌላው ሰው ቅበላ ሲደርስ ቅር ይለዋል፤ እሷ እፎይ ትላለች። የቀረውን እኩሌታ በብልሃት ታልፈዋለች። ጣቷን ነክራ ትልሳለች፣ "እሰይ፣ ቅቤው የት አባቱ ይደበቅ" ትላለች፣ ብርጭቆውን አጠገቧ ላለ ሰው ታቀብላለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ነቅቶባት አያውቅም።

ወተትን ግን ማን እንደሷ ያውቀዋል? ላሟ መስክ ውላ እንደሆነ ወይም የገብስ ገለባ ስትበላ ከርማ እንደሆነ አሽትታ ትነግርሃለች። ውኃ የገባበትን በመስታወት መለኪያዋ ከማየቷ በፊት ከጀሪካኑ አፍ ሲወርድ በድምፁ ትለየዋለች። አንድ ጊዜ አንድ ጮሌ ሰውዬ የቀጠነ ወተት ይዞባት ቢመጣ፣ አስፋልቱ ላይ ዘርግፋ "ይኸው፣ መንገዱን አጥበህልናል" ብላ ጀሪካኑን መለሰችለት። ሰውዬው እስከዛሬ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

የተወለደችው ጎባ ነው። አባቷ በጃንሆይ ጊዜ ከመንዝ ጸሐፊ ሆነው መጥተው እዚያው ወልደው፣ እዚያው ተቀበሩ። ግቢያቸው አንዲት ላም አልጠፋችም፤ ነገር ግን ጡት የተወ ልጅ ትኩስ ወተት አይሰጠውም ነበር። እናቷ ቅሉን በወይራ ያጥናሉ፣ ወተቱን ይገለብጡበታል፣ ሁለት ቀን አስቀምጠው እርጎ ሲሆን ያቀርባሉ። "ትኩሱ የጥጃ ነው፤ ለሰው ሲሆን ይርጋ" ይሉ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም ቢጠየቁ "እናቴም እንዲሁ ነበረች" ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። ሸዋርጋ በዘጠኝ ዓመቷ ጎረቤት ሄዳ አንድ ጣሳ ትኩስ ወተት ግጥም አደረገችና፣ ሆዷ ሲገለባበጥባት፣ ጓሮና ቤት ስትመላለስ ዋለች። ያን ቀን የተማረችውን አልረሳችውም።

ወተቱ የሚመጣላት ከዲንሾ ነው። እዚያ ሞሚና የምትባል ሴት አለች። አርባ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ያለቡትን ሞሚና ግቢ ያደርሳሉ፤ እሷ ትለካለች፣ ታጣራለች፣ ሮቤ በሚወርደው መኪና ትጭናለች። ሸዋርጋ በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ እየሄደች የዕቃውን ንጽሕና ታያለች። ሁለቱ እንደ እህት ናቸው ይባላል፤ እህትማማቾች ግን እንዲህ አይነጋገሩም። ወጉ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው፤ ስድቡ በሁለቱም።

"አካም ቡልቴ ሸዌ?" ብላ እንዴት እንዳደረች ትጠይቃታለች ሞሚና በር ላይ ቆማ። ወዲያው አረፋው ያልጠፋ ወተት በትልቅ ዋንጫ ይመጣል። ሞሚና ቤት የገባ ሰው ወተት ሳይጠጣ አይወጣም፤ የአባቷም የአያቷም ደንብ ነው። ሸዋርጋ "መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ እጠጣዋለሁ" ብላ በሃይላንድ ታስቀዳለች። ሮቤ ስትደርስ የታጠነው ቅል ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ በሦስተኛው ቀን እርጎ ሆኖ በማንኪያ ትበላዋለች። "ወተትሽ እንዴት እንደጣፈጠኝ" ስትላት ዓይኗን የማትሰብረው ለዚህ ነው። ከውሸቱ ውስጥ እውነቱ ይበዛ ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደግ ነገር መጣ። ሮቤ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ በየቀኑ አንድ አንድ ኩባያ ወተት ሊሰጥ ሆነና፣ ወተቱ የነሸዋርጋ ይሁን ተባለ። ከሙአለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ስድስት መቶ ኩባያ በየቀኑ። አርባዎቹ ሴቶች ከዚያ በፊት ወተት ሲተርፋቸው ንጠው ቅቤውን ለነጋዴ ይሰጡ ነበር፤ አሁን የሚተርፍ የለም። ሞሚና ወሬውን ስትሰማ "አልሀምዱሊላህ፤ ወተታችን ትምህርት ቤት ገባ፤ እኛ ባንገባም" አለች።

በአራተኛው ቀን ልጆች መታመማቸው ታወቀ። ሆዳቸው ጮኸ፣ ቆረጣቸው፣ ሽንት ቤት ተሰለፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ሠላሳ አንድ ልጆች ተቆጠሩ። ከተማው ደግሞ ወሬ አይጠፋበትም። አንዱ "ወንዝ ውኃ ቀላቅለውበት ነው" አለ፤ ሌላው "መርፌ የተወጋች ላም ወተት ነው" አለ፤ ሦስተኛው የዕቃ ሳሙና እንደሆነ በዓይኑ ያየ ያህል ተናገረ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ብዙነህ፣ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ነጋዴው፣ የገዛ ልጁ ከታመሙት አንዱ ነበር። ወተቱን አስቆመ። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ወላጆች ተሰብስበው ይወስኑ ተባለ፤ ወተቱ ጥፋተኛ ከሆነ የዲንሾ ሴቶች ቀርተው በቆርቆሮ የታሸገ የወተት ዱቄት ይገባል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሸዋርጋ ስም ግን በቁሟ ሊቀበር ሐሙስ ተቀጥሮለታል። የሷ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። አንዴ "የዲንሾ ወተት ልጅ ይገድላል" ከተባለ ከአርባዎቹ ሴቶች ዳግመኛ ማን ይገዛል?

ሸዋርጋ አላለቀሰችም፤ መፈተሽ ጀመረች። ዲንሾ ወጥታ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አሸተተች። በዕድሜ የሚበልጧትን ሴቶች ሳይቀር አሰልፋ እጃቸውን አየች። የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን በጥፍሯ ፈቅፍቃ አየችው። ወተቱ በደንብ ፈልቷል፣ ድስቱ ንጹሕ ነው፣ መለኪያው ልክ ነው። ጥፋት ፈልጋ ያጣች ነጋዴ እንደሷ ተናድዳ አታውቅም።

ማክሰኞ ከሰዓት የባዮሎጂ መምህሩ ዘመንፈስቅዱስ የታመሙትን ልጆች ዝርዝር ይዞ ሱቋ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ የወተቱን እደላ የሚቆጣጠረውም እሱ ነበር። ሸዋርጋ መነጽሯን አድርጋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችውና ተመልሳ ከላይ ጀመረች።

"ሙአለ ሕፃናት አንድም የለም" አለች።

"የለም፣ እትዬ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍልም የለም። ከአራተኛ በላይ ነው።"

"ድስቱ አንድ ነው?"

"አንድ ነው። ጭልፋውም አንድ ነው።"

"ታዲያ ቆሻሻ ቢኖርበት መጀመሪያ የሚወድቀው ሕፃኑ አይደለም እንዴ? ምን ዓይነት መርዝ ነው እየመረጠ ትልልቁን የሚይዝ?"

ዘመንፈስቅዱስ ፈገግ አለ። ሸዋርጋ ግን ማንበቧን ቀጥላ ነበር። ከየስሙ ጎን ሕመሙ ተጽፏል፦ ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሲሆነው፣ ሆድ መንፋት፣ መጮኽ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ትኩሳት የለም፣ ማስመለስ የለም። ማታ ሁሉም ደህና። ይህን በሽታ ታውቀዋለች፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት እንጂ የራሷ ካርድ ነው።

"ዘመንፈስ፣ ልጄ" አለች ቀስ ብላ፣ "ወተት የማይስማማው ሰው አለ ይባላል። እውነት ነው?"

"እንዴታ። እንዲያውም በዓለም ላይ የሚበዛው እሱ ነው" ብሎ ወንበር ሳበ። "ይኸውልዎ፣ በዝግመተ ለውጥ ሲታይ የሰው ልጅ ከ..."

"የዝንጀሮውን ለክፍልህ አቆየውና የወተቱን ንገረኝ።"

ሳቀና የወተቱን ነገራት። ሕፃን ሆኖ ወተት የማይፈጭ የለም። ጡት ሲተው ግን ወተቱን የሚፈጨው ነገር በአብዛኛው ሰው ሆድ ውስጥ እያደር ይዘጋል፤ ጥጃም እንደዚያው ነው። ከጥንት ከብት ማርባት የጀመሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከሺህ አንዱ ሳይዘጋበት ይቀር ነበር። ያ ሰው ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ላሟን እያለበ ሲጠጣ ከርሞ ከሌላው በተሻለ ይተርፋል፤ ልጆቹ ይበዛሉ፤ እነሱም እንደ አባታቸው ሳይዘጋባቸው ያድጋሉ። ብዙ ሺህ ዓመት እንዲህ ሲሄድ፣ ወተት ጠጪው በዛ።

"ልብ ይበሉ" አለ፣ "መጀመሪያ ደሙ ተለውጦ አይደለም ከብት ማርባት የጀመሩት። ልማዱ ቀደመ፤ ደሙ ልማዱን ተከተለ።"

ሸዋርጋን ልደት የምትባለው የልጅ ልጇ ትዝ አለቻት። እዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከሸዋርጋ ጋር አንድ ቤት፣ አንድ ገበታ ነው ያደገችው። አባቷ የአጋርፋ ከብት አርቢዎች ልጅ ነው። ልደት ወተት ስትጠጣ ጥጃ ትቀናባታለች፤ በዝርዝሩ ውስጥም የለችም።

"ስንት ዓመት ፈጀ አልክ?"

"ሦስት ሺህም፣ አምስት ሺህም ሊሆን ይችላል።"

"እናቴ በሁለት ቀን ነው የምትጨርሰው።"

መምህሩ አልገባውም። ሸዋርጋ ተነስታ ከጓዳ የታጠነውን ቅል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"የከብት አርቢዎቹ ሆድ ከወተቱ ጋር እስኪስማማ ስንት ሺህ ዓመት ጠበቀ። እናቴ ግን ወተቱን ከሆዷ ጋር አስማማችው። እርጎ አድርጋ። ሆዷ የማይሠራውን ሥራ ቅሉ እንደሚሠራላት ሳታውቅ።"

ዘመንፈስቅዱስ ቅሉን ትኩር ብሎ አየው። "እርጎው ራሱ አስቀድሞ ይፈጭልዎታል" አለ። "እትዬ፣ ይህን እኮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬው እንዲህ አድርጌ አልገለጽኩትም። ደም በወላጅና በልጅ ብቻ ነው የሚወርድ፤ የእናትዎን ብልሃት ግን ጎረቤትም ይወስደዋል። ለዚህ ነው የሚፈጥነው።" ከዚያ ጣቱን አነሳ። "አንድ ነገር ግን አደራ። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ከከብት አርቢ ቤት የመጡ አምስት ልጆች አሉ። ከሰሜን ከመጣ ቤተሰብ ደግሞ ጠጥቶ ምንም ያልሆነ ሞልቷል። የብሔር ነገር አድርጎ የሚወስደው ሰው ከመጣ ወተቱ ሳይሆን እኛ ነን የምንበላሸው።"

"እኔ ወተት ስሸጥ ማንነት ጠይቄ አላውቅም" አለች ሸዋርጋ።

ማስረጃው ግን እንዴት ይቀርባል? አቶ ብዙነህ በሚፈጭና በማይፈጭ ነገር አያምንም። እንደ አገሩ ደንብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ያቀረበ ይቀምሳል። ጠጅ የሚቀዳ መጀመሪያ በመዳፉ ይቀምሳል፤ ወተት ያመጣም እንዲሁ። ሐሙስ ሰው ሁሉ ፊት ብርጭቆ ይሰጧታል። ብትጠጣ ትታመማለች፤ "ይኸው መርዙ" ይባላል። ባትጠጣ "ይኸው፣ ራሷ ፈራችው" ይባላል። ጾም ነው እንዳትል በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ እንኳ አይጾምም። ለሃያ ሁለት ዓመት ያመለጠችበት በር ሁሉ በአንድ ቀን ተዘጋ።

ረቡዕ ዲንሾ ወጥታ ለሞሚና አስቀድማ ልትነግራት ነበር። ወተቱ በዋንጫ መጣ፤ ሞሚና "ጠጪ፣ ነገ ብዙ ትናገሪያለሽ" አለቻት። ሸዋርጋን ወኔዋ ከዳት። በሃይላንድ አስቀድታ ወረደች። በመንገድ ላይ ራሷን ስትረግም ሮቤ ደረሰች።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሞሚና ከአራት ሴቶች ጋር ፊት ተቀምጣለች። ሸዋርጋ ያን ዕለት ጠዋት የመጣውን ወተት በትልቅ ማንቆርቆሪያ አስፈልታ ይዛ ገብታለች፤ ከጎኑ ቅሏን አስቀምጣለች። እንደገመተችው ሆነ። አቶ ብዙነህ አልጮኸም፤ በትሕትና ነው የገደላት።

"እትዬ ሸዋርጋ፣ ክፉ አናውቅብዎትም። ግን ደንቡን ያውቁታል። ያቀረበ ይቀምሳል። አንድ ብርጭቆ ፊታችን ይጠጡ፤ እኛም እንመን" አለና ብርጭቆ ሞልቶ አቀበላት።

ሸዋርጋ ብርጭቆውን ተቀበለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላለች።

"እጠጣለሁ" አለች። "አንድ ሳይሆን ሁለት። ከመጠጣቴ በፊት ግን የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ሰዓታችሁን ያዙልኝ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይጮኻል። ከዚያ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ልክ እንደ ልጆቻችሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወተት አይስማማኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ስሸጥላችሁ አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ አላውቅም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ሸዋርጋ ወደ ሞሚና በኩል አላየችም፤ ማየት አልቻለችም።

"ይኸው፣ ራሷ አመነች" አለ አንዱ ከኋላ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያመንኩት የሆዴን ነው፣ የወተቴን አይደለም። ከዚሁ ማንቆርቆሪያ ሞሚና ሁለት ብርጭቆ ትጠጣለች። የልጅ ልጄ ልደትም ትጠጣለች፤ እዚሁ ትምህርት ቤት የምትማር ናት፣ ደሜ ናት፣ እኔ ቤት ነው ያደገችው። እነሱ ምንም አይሆኑም። ሆነው ከተገኙ ዛሬውኑ ሱቄን እዘጋለሁ። አንድ ወተት ነው፤ ሆዱ ነው የተለያየው።" ወደ ሰብሳቢው ዞረች። "አቶ ብዙነህ፣ አንተ ደግሞ ከቅሉ እርጎ ትቀምስልኛለህ። የሰኞ ወተት ነው፤ ከዲንሾ ከነዚሁ ሴቶች የመጣ። ልጅህ ታመመበት ተብሎ ከቆመው ወተት ነው እርጎ ያደረግሁት።"

"እኔ ለምን እርጎ?" አለ አቶ ብዙነህ።

"እናንተ ቤት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኔ የምትገዙት እርጎ ነዋ። አንድ ቀን ወተት አዝዛችሁ አታውቁም። ለምን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ?"

አቶ ብዙነህ ማንኪያውን አነሳ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖበት ነው እንጂ፣ እናቱም "ትኩስ አትጠጣ" ስትለው ነው ያደገው።

ሸዋርጋ ሁለቱን ብርጭቆ ያለማቋረጥ ጠጣቻቸው። ልደት ከጎኗ ቆማ ጠጣችና ከንፈሯን ላሰች። ሞሚና ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሁለቱን ብርጭቆ አንድ በአንድ ጨለጠች፤ ከዚያ ከሸዋርጋ ጎን የነበረውን ወንበር ትታ ራቅ ብላ ማዶ ተቀመጠች። ሸዋርጋን ከወተቱ ይልቅ ያ የቆረጣት ይመስለኛል።

ጥበቃው ተጀመረ። ዘመንፈስቅዱስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጥጃውንና የሕፃኑን፣ የደሙንና የልማዱን ነገር እየሳለ ሲያስረዳ ግማሹ ሰው ያደምጣል፣ ግማሹ የሸዋርጋን ሆድ ያያል። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ። አንዲት እናት ተነስታ "የኔም ልጅ እርጎ ሲሆን ምንም አይለው፤ ቅሌት መስሎኝ ዝም ብዬ ነው" አለች። ሌላው አባት "እኔም" አለ። አቶ ብዙነህ እርጎውን በማንኪያ ይበላል፤ ሳያስበው ይሁን አስቦ ሳህኑን ጨርሶት ነበር።

በአርባኛው ደቂቃ የሸዋርጋ ሆድ ተናገረ። እስከ መጨረሻው ወንበር ነው የተሰማው። የሳቀ አልነበረም። ሸዋርጋ ተነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ "እንዳልኳችሁ" አለችና በመካከላቸው አለፈች። አዳራሹ ውስጥ ቀስ ብላ ነው የተራመደችው፤ በሩን ካለፈች በኋላ ያለው ለሷና ለሜዳው የቀረ ነው። ዕድሜ ልኳን ስትሸሸው የነበረውን ነገር ሰው ሁሉ እያየ ሠራችው፤ መሬት ግን አልተሰነጠቀችም። እንዲያውም ቀለላት።

ስትመለስ ነገሩ አልቆ አገኘችው። ለሕፃናቱና ለተስማማው ወተት፣ ላልተስማማው እርጎ፤ ሁለቱም ከዲንሾ። እርጎውን የሚያረጉት እነዚያው አርባ ሴቶች ይሆናሉ። አቶ ብዙነህ ራሱ ነበር እጁን መጀመሪያ ያወጣው፤ "ከኔ ቤት ጀምሩ" ብሎ። ሰው እየተነሳ ሲወጣ እጇን ጨበጡት፣ "ጀግና ነሽ" አሏት። እሷ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ሞሚና በሩ አጠገብ ቆማለች። ሁለት ብርጭቆ ወተት ሆዷ ውስጥ ሆኖ ፊቷ እንደ ዳኛ ረግቷል።

"ሃያ ሁለት ዓመት ወተቴን ደፋሽው?" አለች።

"አንዲት ጠብታ አልደፋሁም። እርጎ አድርጌ በላሁት። ጣፈጠኝ ያልኩሽ እውነቴን ነው።"

"በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ምን ይገድልሽ ነበር?"

"ወተትሽን የናቅሁ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ።"

ሞሚና ራሷን ነቀነቀች። "ይመስለኝ ነበር" አለች። "እውነቴን ነው ሸዌ፣ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ደጄን ዳግመኛ አትረግጪም። እኔ ምን አውቄ? አባቴ ወተት የማይጠጣ እንግዳ እንዳታምኚ እያለኝ ነው ያደግሁት።"

"አሁንስ?"

"አሁን ተናድጃለሁ። ለአንድ ሳምንት እናደዳለሁ። ከዚያ መጥተሽ ቅሉ እንዴት እንደሚታጠን ለሴቶቹ ታሳያቸዋለሽ። እኛ ለመናጥ እንጂ ለመብል እንዲህ ያለውን እርጎ መች እንችልበታለን፤ ያንቺ እናት ነበሩ የሚችሉበት።"

ሸዋርጋ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ሆዷ ቀደማት። ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ሞሚና ፊቷን ልታጠብቅ ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ መሳቅ ጀመረች። ሸዋርጋም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ የሚያስቅና የሚያስሮጥ አንድ ላይ ሆነባት። ሞሚና ክንዷን ይዛ ሜዳውን አሻገረቻት፤ ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ነጠላዋን ተቀበለቻትና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።